የከርሞዋ

ቀይ ክሩ እንደታሰረ ነው። ቲማቲሟ ግን የለችም።

ኮማንደር ሰላጣ ልትቆርጥበት የያዘችውን ቢላዋ መሬት ላይ አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ ፈለገች። ከተክሉ ሥር አየች፤ ከበርሜሉ ጀርባ አየች፤ አጥሩ ጥግ ያለውን ቅጠል ሁሉ ገላለጠች። ወድቃ ብታገኛት ምንኛ ደስ ባላት። ምንም የለም። ክሩ ባዶ ዘለላ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።

ገና በአሥራ አራት ዓመቷ «ኮማንደር» የተባለችው ትእዛዝ ስለምታበዛ ነው። ጓሮውን ከእናቷ እኩል ታስተዳድራለች። ጓሮ ሲባል ሰፊ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በቤቱና በአጥሩ መካከል የተረፈ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቦታ ነው። ለሁለት የተሰነጠቁ በርሜሎች ውስጥ ቲማቲም፣ አሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ ሰላጣ፣ ከግድግዳው ሥር ጎመን፣ ጥግ ላይ ደግሞ ከሽቦ ጀርባ ዶሮዎች አሉ። በዚህ ቤት ምን እንደሚበላ የሚወስነው ጓሮው ነው። ቲማቲም ሲደርስ ቁርሱም ምሳውም ቲማቲም ይሆናል፤ የጎመን ወቅት ሲመጣ ደግሞ ሕልማቸው ሳይቀር አረንጓዴ ይሆናል።

በየዓመቱ ግን አንዲት ቲማቲም አትበላም። ከሁሉም የበለጠችው ትመረጥና ቀይ ክር ይታሰርባታል። እዚያው ተክሉ ላይ እስክትለሰልስ ትቆይና ውስጧ ያለው ፍሬ ለሚቀጥለው ዓመት ለዘር ይወጣል። ስሟ «የከርሞዋ» ነው። የከርሞዋን መቅጠፍ ቀርቶ ደጋግሞ መነካካት እንኳ ያስቆጣል።

ለወትሮው መራጯ እናቷ ነበረች። ዘንድሮ «አንቺ ምረጪ» አለቻት። ኮማንደር ደረቷን ነፍታ ሰነበተች፤ እውነት ለመናገር ለመንፋትም ምክንያት ነበራት። የቤቱ ቲማቲም ከእናቷ እናት የመጣ ነው። ትከሻው ጠቆር ያለ፣ ቅርጹ ጎርባጣ፣ ሱቅ ቢቀመጥ ዞር ብሎ የሚያየው የሌለ፣ የቀመሰው ሰው ግን ሌላ ቲማቲም የማይጥመው ዓይነት። ዘንድሮ በሽታ ገባና ከአንድ ተክል በቀር ሁሉንም አደረቀው። በደረቁት ቦታ ከችግኝ ጣቢያ የመጡ ችግኞች ተተከሉ። ከአምና የተረፈ ዘር የለም፤ የተረፈችው የአንዷ ተክል ቲማቲምም ተበልቶ አልቋል። የቀረችው ያቺ ክር ያለባት ብቻ ነበረች።

«ቻርጀር» ብላ ተጣራች።

«አቤት።»

ጓደኛዋ የባዮሎጂ መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ስሙን ያወጡላት የክፍል ልጆች ናቸው። ስልኳ ሁልጊዜ አንድ ሐሙስ የቀረው ስለሆነ፣ የሰው ቤት ስትገባ ከሰላምታ ቀድማ የምትጠይቀው ቻርጀር ነው። የነገውን ፈተና አብረው ሊያጠኑ ነው የመጣችው። ኮማንደር ሳሙና ልትገዛ ሱቅ ደርሳ ስትመለስ ጓሮው ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት።

«እዚህ የነበረችውን ቲማቲም አይተሻታል?»

«የቷን?»

«ክር የታሰረባትን።»

ቻርጀር አንብባ ያልጨረሰችውን ገጽ ገለጠች። «ዶሮ ትሆናለቻ። ቅድም አንዷ እዚያ ጋ ስትዞር ነበር።»

ኮማንደር ወደ ዶሮዎቹ ዞረች። ሁሉም ከሽቦው ጀርባ ናቸው፤ በሩም ተቀርቅሯል። ደግሞም ዶሮ ቲማቲም ስትበላ ወግታና ቦጫጭቃ ነው። ይህ ዘለላ አንጓው ላይ ቀጭ ብሎ ተሰብሯል። እንዲህ የሚቀጥፈው እጅ ብቻ ነው።

«ውሸታም» ልትላት አፏን ከፈተች። ከፍታም ዘጋችው፤ ጠዋት ትምህርት ቤት የተናገረችው ትዝ አላት። «ዛሬ ስትመጪ ጉድ ታያለሽ፤ ምርጧን ለይቼ ክር አስሬባታለሁ» ብላ ነበር የጎረረችው። «የከርሞ» የሚለውን ቃል አልጠራችውም። እቤታቸው ከሕፃን እስከ አዋቂ ስለሚያውቀው፣ ክር ማሰር ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስላትም። እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው ግን ምርጧ ተለይታ ሲያይ ምን ይላል? ለእኔ ነው ይላል።

«የከርሞ ነበረች እኮ» አለች ድምፅዋ እየቀነሰ። «ለዘር። ከእሷ ሌላ ዘር የለንም። እማ ደግሞ አሁን ልትመጣ ነው።»

የቻርጀር ፊት ተለዋወጠ። «ከእሷ ሌላ ምንም?»

«ምንም።»

ቻርጀር የሆነ ነገር ልትናገር ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። «በቃ ተረጋጊ፣ አታካብጂው። ክሩን ሌላዋ ላይ እሰሪው። ሁሉም ቲማቲም ቲማቲም ነው፤ ማን ያውቃል?»

በርሜሉ ውስጥ ያሉት ተክሎች ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋ የቤት፣ ሌላዋ የችግኝ ጣቢያ። ቅርንጫፎቻቸው ተጠላልፈዋል። ኮማንደር ከችግኝ ጣቢያዋ ተክል ላይ ቅጠል በከፊል የሸፈናት፣ እንደ ቤቷ ጎርበጥ ያለች አንዲት ቀይ ቲማቲም አገኘች። ጣቶቿ ከእሷ ቀድመው ክሩን ፈቱ፤ ያችኛዋ ላይ አሰሩ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ አየችው። ምንም አይታወቅም። የሚታወቀው ሲዘራ ነው፤ እሱም ከዓመት በኋላ።

የውጭው በር ተንቋቋ።

እናቷ የሕንፃ ኤሌክትሪሻን ናት። ሱሪዋ ኖራ ለብሶ፣ ፒንሳው ከኋላ ኪሷ ብቅ ብሎ ገባች። «እንዴት ዋላችሁ፣ ተማሪዎች» አለችና፣ እንደ ሁልጊዜው ሳትቀመጥ ውሃ ማጠጫውን ከጋኑ ሞላች። ሥራ ውላ ስትመጣ ድካሟ የሚወጣላት ጓሮውን ስታጠጣ ነው። ከጎመኑ ጀመረች። ወደ በርሜሉ ስትደርስ ከርቀት ክሩን አየችና ፈገግ አለች።

«ጎሽ፣ ኮማንደር። አምራለች። ታውቂያለሽ፣ ያ በሽታ ሲገባ ተስፋ ቆርጬ ነበር። የእናቴ ቲማቲም በእኔ እጅ ጠፋ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ከርሞ ግን በርሜሉን ሁሉ በእሷ ነው የምንሞላው።»

ኮማንደር ምስጋና ትወዳለች፤ አልወድም ብላም አታውቅም። ይሄኛው ግን የእሷ አልነበረም። ዝም ብትል ዛሬ ሰላም ነው። ከርሞ እናቷ ተንበርክካ ትዘራለች፤ ትጠብቃለች፤ ትቀምሳለች። ከዚያ አፈሩን ትወቅሳለች፤ ውሃውን ትወቅሳለች፤ ራሷንም ትወቅሳለች። ልጇን ግን ጨርሶ አትጠረጥርም። ኮማንደርን የከፋት ይሄ ነው።

እናቷ ማጠጫውን ይዛ ወደ ሰላጣው ጎማ አለፈች።

«እማ» አለች ኮማንደር። «ያቺ አይደለችም።»

«ምኗ?»

«ክር ያለባት። የችግኝ ጣቢያዋ ናት። የከርሞዋ ተቀጥፋለች። ክሩን አሁን ያዞርኩት እኔ ነኝ።»

የማጠጫው አፍ ወደ ታች እንዳጋደለ ቀረ። እናቷ ወዲያው አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። የፊቷ ድካም ተመልሶ መጣ።

«ማን ቀጠፋት?»

ኮማንደር ወደ ደረጃው ላለማየት አንገቷን አጠነከረች። «የከርሞ መሆኗን ለሰው አልተናገርኩም። ለይቻታለሁ ብዬ ብቻ ጎረርኩ። ጥፋቱ እኔ ጋ ነው።»

ደረጃው ላይ መጽሐፍ ተከደነ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አለች ቻርጀር። ተነስታ ቆማለች፤ አይኖቿ እንባ አቅርረዋል። «ለእኔ የተቀመጠች መስሎኝ በጨው በላኋት። ከዚያ ስትጠይቀኝ ፈራሁና በዶሮ አሳበብኩ። ክሩንም አዙሪው ያልኳት እኔ ነኝ።»

እናት ወደ እሷ ዞረች። «ጣፈጠችሽ?»

«በጣም» አለች ቻርጀር፣ እንባዋ እየወረደ። «ፍሬውን ግን አልበላሁትም። የቲማቲም ፍሬ ምላሴ ላይ ሲያዳልጠኝ ይቀፈኛል። በጣቴ ጠራርጌ ጣልኩት።»

«የት?» አሉ እናትና ልጅ በአንድ አፍ።

ቻርጀር የሰላጣውን ጎማ ጠቆመች። ማጠጫው በላዩ ላይ እንዳጋደለ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ጫፉ ላይ ተንጠልጥለዋል።

እናት ማጠጫውን የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ ብላ ወደ ኋላ መለሰችው። ከዚያ ሦስቱም ጎማው ዙሪያ ተንበረከኩ። ኮማንደር ሮጣ የሻይ ማጥለያና ማንኪያ አመጣች። ጉንዳኖች ቀድመዋቸው ደርሰው ድግሱን ጀምረዋል። «አንቺ ቅጠሉን ያዢ፤ አንቺ በማንኪያ ከነአፈሩ አንሺ፤ አትጫኚው» ትላለች እናት፤ ኮማንደር ትእዛዙን ከማን እንደወረሰች ለማንም ግልጽ ነው። ፀሐይዋ ከአጥሩ ወርዳ ነበርና ቻርጀር በስልኳ ልታበራላቸው ሞከረች። ስልኩ እንደ ልማዱ ዘጋ። እናት ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ፊቷን ኮስተር አደረገች።

አፈሩ በውሃ ሲታጠብ ማጥለያው ሥር ላይ ጥቂት ፍሬ ቀረ። ያሰቡትን ያህል አይደለም። ጉንዳን ወስዶታል፤ የተቀረው ደግሞ ስንጥቅ ውስጥ ገብቷል። እናት በጣቷ ጫፍ አገላበጠችው።

«የተገኘው ይሄ ነው» አለች። ቀና ብላ ልጇን አየች። «ተናድጃለሁ። ስለ ክሩ ነገ እንነጋገራለን። እራት ሰላጣ ነው፤ ቁረጡና አምጡ።» ማጠጫውን ሳትጨርስ ትታው ወደ ውስጥ ገባች።

ቻርጀር መጽሐፏን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። «ከእንግዲህ እዚህ ቤት አልመጣም አይደል?»

«አናድደሽኛል» አለች ኮማንደር። «ዶሮ ነው ስትይኝ የባሰ አናደድሽኝ።»

«አውቃለሁ።»

ኮማንደር መስኮቱ ላይ ከተደረደሩት ብርጭቆዎች አንዱን አነሳችና ፍሬውን ከትንሽ ውሃ ጋር ገለበጠችበት። ዘሩ ከዝልግልጉ እስኪላቀቅ ጥቂት ቀን እንዲህ ይቀመጣል። እጇን ሳትመልስ ቆመች። በሽታው ሙልጭ ሊያደርገው የነበረው ዘሩ አንድ ጓሮ ውስጥ ብቻ ስለነበረ ነው። ሁለተኛ ብርጭቆ አነሳች፤ ከመጀመሪያው እየቀነሰች በማንኪያ ግማሹን አዛወረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«የእናንተ በረንዳ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አለው አይደል? ይሄ እዚያ ይሄዳል።»

«እኔ ጋ?» ቻርጀር ቃሉ አፏ ላይ ከበዳት። «እኔ እኮ የበላኋት ነኝ።»

«አዎ። ዘንድሮ ከእኛ ቤት ውጪ የቀመሳት አንቺ ብቻ ነሽ። ከርሞ ስታፈራ እሷ መሆኗን ታውቂያለሽ።»

ቻርጀር እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። «እትዬስ?»

«እነግራታለሁ።»

«ነገ?»

ኮማንደር የሰላጣውን ሳህን ለቻርጀር አስያዘቻት። ሁለቱን ብርጭቆዎች በሁለት እጇ ይዛ፣ እናቷ ሳህን ወደምታንኳኳበት ወጥ ቤት ገባች።