ገመዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር

ዛር፣ ቡዳ፣ የሙት መንፈስ ሲወራ በሳቅ የምፈርስ ሰው ነበርኩ፣ ሥራዬም ለእንዲህ ያለው ነገር ቦታ የለውም፣ እዚህ አሽዶድ ከተማ የአንድ ኢንተርኔት ድርጅት ሞኬድ በሚሉት የስልክ ማዕከል ውስጥ ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ የደንበኞች ስልክ የማነሳ ነኝ፣ አንዱ ደውሎ «ራውተሬ ሰይጣን ገብቶበታል» ሲለኝ «ጌታዬ፣ ከሶኬት ይንቀሉት፣ ትንሽ ይጠብቁ፣ መልሰው ይሰኩት» እለዋለሁ፣ ሰይጣኑም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ይወጣል። ይህን የምነግራችሁን ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ፣ እመኑኝ፣ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

እኔ ከባሌና ከልጆቼ ጋር ሮቫ ሔት በሚባለው ሰፈር ነው የምኖረው፣ እናቴ ደግሞ ሮቫ ጊሜል፣ በአሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን። የእሷን ራውተር ራውተር አትበሉት፣ ደህና ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ቀይ መብራት አብርቶ ዝም ይላል፣ ቦታውን ቀየርኩለት፣ ቴክናይ የሚሉትን ጠጋኝ አስመጥቼ የግድግዳውን መስመር አስፈተሽኩ፣ ወይ ፍንክች! እናቴ ራሷ መንቀልና መሰካቱን ከእኔ በላይ ተክናበታለች። እንዲህ የምትለፋለት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሁልጊዜ ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ ጎንደር የቀረው ወንድሟ ታከለ በታብሌቷ በምስል ይደውልላታል። እኛ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንመጣ የእሱ ወረቀት ሳይሳካለት ቀረ፣ «ለከርሞ» እየተባለ ስንት ዓመት ጠበቀ መሰላችሁ።

አንድ አርብ ቀትር ላይ ሥራ ቦታ ሳለሁ የእናቴ አጎት አባ አለሙ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ሰው አለ አጠገብሽ?»

«የለም አባ፣ ምነው?»

«ታከለ አርፏል። ትናንት ነው አሉ።»

ፊት ለፊቴ የሚጠራውን የደንበኛ መስመር ዘጋሁት።

«ዛሬማ ሻባት እየገባ ነው፣ በሰንበት መርዶ አይነገርም» አሉኝ፣ «እሁድ ማለዳ ሽማግሌዎች ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ከጎንደር አንዲት ቃል እንዳትደርሳት፣ አደራሽን። የአባቷን ጊዜ ታስታውሺያለሽ።»

እንዴት ይረሳል! የአያቴን ሞት አንድ ያልታደለ ዘመድ በስልክ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ዱብ አደረገባት፣ እዚያው በቆመችበት ወደቀች፣ ከዚያ ወዲህ ልቧ የሚሄደው በክኒን ነው፣ ኩፓት ሆሊም የሚባለው ክሊኒክ ሐኪሟም ድንገተኛ ነገር እንዳታሰሟት ብሎ አስጠንቅቆናል። እኛ ዘንድ መርዶ አንድ ሰው ለብቻው የማይናገረው ለዚህ ነው፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሐዘንተኛው ቤት ሄዶ ነው የሚነግረው፣ እስከዚያ ድረስ ያወቀ ሰው ፊቱን አስተካክሎ አብሮ ይስቃል። እኔም ፊቴን አስተካክዬ፣ ባሌን ልጆቹን ጠብቅልኝ ብዬ፣ ሻባት ሳይገባ እናቴ ቤት ደረስኩ፣ እሷ ሻማውን ስታዘጋጅ የራውተሩን የኤሌክትሪክ ገመድ ከግድግዳውም ከራውተሩም ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ደግሞ ጠፋ?» አለችኝ።

«ገመዱ ተቃጥሏል እማዬ፣ እሁድ አዲስ አመጣልሻለሁ።»

«ታከለ ሲደውልስ?»

«ለሚቀጥለው ሳምንት ይደውላል» አልኳት፣ መሬት መሬት እያየሁ። ታብሌቷ ያለ ቤቱ ኢንተርኔት አይሠራም፣ ለዘመድ ሁሉ ደግሞ በስልኳ እንዳይደውሉ ተነግሯል፣ ስለዚህ በሩን ሁሉ የዘጋሁ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎን ተቀምጠን ሳለ እናቴ ወደ መደርደሪያው አየችና «ዛሬስ ደህና ነው፣ አረንጓዴ አበራ» አለች። ዞር ብዬ አየሁ፣ ራውተሩ ጥቁር ነው፣ ምንም የለም፣ የመስኮቱ ፀሐይ ነው ብዬ ተውኩት። ትንሽ ቆይቶ ግን ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ የሚግል ብረት የሚያሰማው ዓይነት፣ በዚያ ሳልፍ እጄን ጣል ባደርግበት ሲሠራ እንደዋለ ሞቋል። ምን ልበላችሁ፣ ለሻባት ሳይጠፋ የሚውለው ምድጃ ነው ቤቱን ያሞቀው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ሰንበት ወጣ፣ እኔ ወጥ ቤት ዕቃ እያጠብኩ ነው፣ የታብሌቷ የጥሪ ድምፅ ጮኸ። እጄ ሳሙናው ውስጥ ቀረ። እናቴ «ታኬ! ጠፋህ እኮ» ስትል ሰማሁ፣ ሳቀች፣ ከዚያ ታዳምጥ ጀመር፣ በመሃሉ ከሩቅ እንደሚመጣ የወንድ ሳል ይሰማል፣ አጎቴ ደግሞ ሳል አይለቀውም ነበር። «እሺ» አለች። «እሺ... መቼ?... ማን?» ድምፅዋ ተለወጠ። «አይ፣ ለእሷ እኔ አልነግራትም። እኔ አልችልም ታኬ።»

ሮጬ ገባሁ። ታብሌቱ ጭኗ ላይ ጠፍቶ ተቀምጧል። ራውተሩ ግን በሙሉ አረንጓዴ በርቷል፣ በወራት ውስጥ እንዲያ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ቦርሳዬን ከፈትኩ፣ ገመዱ እንደተጠቀለለ አለ። ራውተሩ ባትሪ የለውም፣ ታብሌቱን ነጥቄ ባበራው «ግንኙነት የለም» ይላል፣ ሙያዬ የሚያውቀውን ሁሉ አሰብኩ፣ አንዱም አልገጠመልኝም።

«ማን ነው የደወለው?»

«ወንድሜ ነዋ። ዛሬ ጥርት ብሎ መጣ፣ አልተቆራረጠም።» ፊቴን አተኩራ አየችው፣ ከዚያ ተነስታ ወደ መኝታዋ ሄደች። እዚያው ቆሜ እያየሁ መብራቶቹ አንድ በአንድ ጠፉ።

እሁድ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ሳያንኳኩ በሩን ከፈተችላቸው፣ ጥቁር ለብሳ። «ግቡ፣ የታከለ ከሆነ ሰምቻለሁ» አለቻቸው። አልወደቀችም። መሬት ላይ ተቀምጣ ወግ ባለው ልቅሶ አለቀሰች፣ አባ አለሙ እኔን በቁጣ አዩኝ፣ የነገርኳት መስሏቸው።

ሰባቱ የሐዘን ቀን ካለፈ በኋላ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ያን ማታ የራሱን ብቻ ነው የነገረሽ?»

«የራሱን ብቻ አይደለም።»

«ሌላ ማንን?»

ፀጉሬን ዳበሰችኝ፣ እንዲያ ዳብሳኝ አታውቅም። «መርዶ አንድ ሰው ለብቻው አይናገርም፣ ልጄ» አለችኝ።

ራውተሩን አውጥቼ ጣልኩት፣ አዲሱ አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም፣ ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው። ከእናቴ ግን ሌላ ቃል አላወጣሁም። ከትናንት በስቲያ ረቡዕ በሯ ላይ ስደርስ በስልክ ስታወራ ሰማኋት፣ «አባ፣ እሁድ ማለዳ ሽማግሌ ይዘው ይመጡልኛል? እኔ ቤት አይደለም፣ ሮቫ ሔት፣ ልጄ ቤት።» አባ አለሙን ሄጄ ያዝኳቸው፣ «የማን መርዶ እንደሆነ ለእኔም አልነገረችኝም» ብለው ማሉልኝ። ባሌን ሐኪም ቤት ወስጄ አስመረመርኩት፣ ልጆቼን ከትምህርት ቤት አስቀረሁ፣ ወታደር ወንድሜን በየሰዓቱ እየደወልኩ አሰለቸሁት፣ ሁሉም ደህና ናቸው። እሁድ ከነገ ወዲያ ነው።