የካልማን ምስክር

ራቢ አቪግዶር ከሊትዌኒያ ተሰዶ አሜሪካ በገባበት በጋ ኮሌራ ሰው ያጭድ ነበር። በኦሃዮ ወንዝ ላይ በሚሄድ የእንፋሎት መርከብ ውስጥ፣ ከጭነቱ መሃል፣ አንድ የማያውቀው አይሁዳዊ ወገኑ እጁን ይዞት ሞተ። የሰውየው የግራ እጅ ሁለት ጣቶች ከልደት የተጣበቁ ነበሩ። ከመሞቱ በፊት ራቢው ለጸሎት ስሙን ሲጠይቀው «ካልማን፣ የቡኒም ልጅ» አለ። ቀጥሎ «ወደ ቤቴ ልደርስ ነበር» አለ፤ ቤቱ የት እንደሆነ ሳይናገር ትንፋሹ ተቋረጠ። መርከበኞቹ የወንዙ ዳር አሸዋ ላይ ቀበሩት። ብዙም ሳይቆይ ወንዙ ሞልቶ አሸዋውንም መቃብሩንም ጠረገው።

አቪግዶር በደረሰበት ምኩራብ ሁሉ ያን ስም አስጠራ። የሚያውቀው ጠፋ። ሟቹ ግን አልተወውም። ለጸሎት ሲቆም ከኋላው ውሃ የጠጣ ጫማ ወለሉን ሲረግጥ ይሰማዋል፤ ዞር ሲል ማንም የለም።

ከዓመታት መንከራተት በኋላ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለችው ትንሽ ከተማ ሊንደን ተቀበለችው። እዚያ ያሉት ጥቂት አይሁዶች ናቸው፤ እሱ ልጆቻቸውን ያስተምራል፣ በሕጉ ያርድላቸዋል፣ ያጋባል፣ ይቀብራል። የካልማንን ስም መጥራቱን ግን ተስፋ ቆርጦ ትቶት ነበር።

ልብስ ሰፊዋን ዘልዳን ያገኛት የካባው ቁልፍ ተበጥሶ ሱቋ የገባ ዕለት ነው። ካባውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና፣

«ራቢ፣ ይሄ ካባ ነው ከእርስዎ ጋር የተሰደደው፣ ወይስ እርስዎን ያሰደደዎት እሱ ነው?» አለችው።

«የአባቴ ነው።»

«እንግዲያው ለአባትዎ ስል በደንብ እሰፋዋለሁ። እርስዎን ገና አላውቅዎትም።»

ሳቀ። የገዛ ሳቁ እንግዳ ሆነበት፤ አገሩን ጥሎ ከወጣ ወዲህ ሰምቶት አያውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ አርብ በመጣ ቁጥር አንድ የሚገዛ ነገር አያጣም። የምኩራቡ አገልጋይ ሽማግሌው ፋይቬል መሳቢያውን ከፍቶ አየና «ራቢ፣ ይሄ ሁሉ ክር ወንዙን ሊሰፉት ነው እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይጠንቀቁ ግን። ባሏ ወጥቶ የቀረባት ሴት ናት።»

ያውቃል። ባሏ እንደሞተ ካልተመሰከረ ወይም እሱ ራሱ ካልፈታት፣ ዘልዳ ሌላ ማግባት አትችልም። ጉዳዩን ጠይቆ መመርመር ደግሞ የራቢው ሥራ ነበር። አልጠየቀም። ስም የሌለው ባል እንደ ጭጋግ ነው፤ ስም ካገኘ ግን መሃላቸው ይቆማል ብሎ ፈራ።

አንድ አርብ ዝናቡ ሱቁ ውስጥ አቆያቸው። ዘልዳ መርፌዋን እንደያዘች ቀና አለች።

«የሁሉንም ጉዳይ ያያሉ፤ የእኔን አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።»

«ምን ልጠይቅ፣ ወይዘሮ ዘልዳ?»

«ስሙን እንኳ! ካልማን ነው የሚባለው። ካልማን፣ የቡኒም ልጅ። ዕቃ ተሸክሞ ሊነግድ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ሌላ ሴት አግኝቶ ነው እያልኩ ስረግመው እኖራለሁ።»

አቪግዶር ጠረጴዛውን ተደገፈ። «ጣቶቹ...» አለ።

መርፌው ከእጇ ወደቀ። «ጣቶቹ ምን?»

ነገራት። ወደ ቤቱ እየተመለሰ እንደነበር ሲሰማት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ስታበቃ ዓይኗን ጠራርጋ አየችው፤ አስተያየቷ የሚለውን ለመረዳት ቃል አላስፈለገውም። እሱ ግን ዓይኑን ሰበረ።

«ምነው?»

«ከእኔ በቀር ያየ የለም። ባል ሞቷል ብሎ የመሰከረ ሰው ደግሞ ሚስቲቱን ማግባት አይችልም። ሊያገባት ብሎ ነው የመሰከረው እንዳይባል፣ ሕጉ ይከለክላል።»

«ታዲያ ማን አግቡኝ አለዎት?» ልትቀልድ ፈልጋ ነበር፤ ድምፏ ግን መሃል ላይ ተሰበረ።

ጎንበስ ብላ የወደቀውን መርፌ አነሳች።

«ዝም በል በቃ» አለችው። «አንተ» ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። «ለማንም አትናገር።»

«ዝም ካልኩ እንደታሰርሽ ትቀሪያለሽ።»

«ልቅር! አርብ አርብ እየመጣህ ክር ግዛ። ለእኔ ይበቃኛል።»

ፋይቬል ነገሩን ከራቢው ሲሰማ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። «መላ አለው» አለ። «የሰውየውን መልክ ይንገሩኝ። እኔ ነኝ ያየሁት ብዬ ልመስክር። እግዜር ለእንዲህ ያለው ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል።»

አቪግዶር ወዲያው እምቢ ለማለት አቅም አጣ። ሰንበት መጣ፣ ሄደ፤ «ይሁን» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ሰነበተ። ሲጸልይ ከኋላው የሚሰማው እርምጃ ግን አሁን ቀርቦ ትከሻው ሥር ቆመ። እጁን ይዞት የሞተው ሰው የመጨረሻ ቃሉን የተወው ለእሱ ነበር። በሐሰት ምስክር ካገባት ካልማን ከቤታቸው እንደማይወጣ፣ አልጋቸው ላይ ሦስተኛ ሆኖ እንደሚተኛ ገባው።

ማንንም ሳይሰናበት ወደ ሴንት ሉዊስ ሄደ፤ ሦስት የአይሁድ ሕግ ዳኞች ፊት ቆሞ ያየውን ተናገረ። ዘልዳ ነፃ ወጣች።

የሞት መርዶ ዘግይቶ ሲደርስ የሐዘን መቀመጫው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ዘልዳ እንደ ሐዘኑ ወግ ጫማዋን አውልቃ፣ የሱቋ ወለል ላይ ተቀመጠች። መደርደሪያዎቹ ባዶ ነበሩ፤ ሱቁን ሸጣዋለች፣ የወንዙ በረዶ ሲቀልጥ እህቷ ዘንድ ወደ ሲንሲናቲ ትሄዳለች። እዚያም፣ ባሏ የሞተባት ሴት እንደምትችለው ሁሉ፣ አዲስ ኑሮ ትጀምራለች። ራቢው ሊያጽናና መጥቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሐዘንተኛው ሳይናገር አጽናኝ አይናገርም።

ፋይቬል ሰዓቱን አይቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰዓቱ ሞልቷል፣ ልጄ። ተነሺ።»

ዘልዳ አልተነሳችም።

«የካልማን ሰዓት አልቋል፣ አባቴ» አለች። «ይሄኛው የሌላ ነው።»

ሽማግሌው አንዴ እሷን፣ አንዴ ራቢውን አየና በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። አቪግዶር ላልሞተ ሰው የሚለቀሰው ስንት ሰዓት እንደሆነ ከተማረው ሕግ ሁሉ ፈለገ፤ አጣ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ። ከዚያ ወንበሩን ትቶ፣ ፊት ለፊቷ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።