ወደ ግንቡ የተላኩ ሽማግሌዎች

«...የሚጠብቃት አለ። ከግንቡ ነው። እሱ ሳይፈቅድ እጁን የዘረጋባት ሰው...»

እናኑ ይህን የሰማችው ገና የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ ነው። ጓዳ ውስጥ ተኝታ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ አክስቷ ለተ ማርያምና መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ዝቅ ባለ ድምፅ ይነጋገሩ ነበር። መሪጌታው አንድ ነገር ጨመሩ፤ አክስቷን ያቺ ደረቅ ሳሏ ያዘቻት፤ የቀረውን እንቅልፍ ወሰደው። ሲነጋ ከጨዋታው ሁሉ በልጅቱ ጆሮ የቀረው ያው ብቻ ነበር፤ የሚጠብቃት አለ።

ጊዜው ጣሊያን ጎንደርን የያዘበት ነበር። ጣሊያን ወጣ፤ መሪጌታው ሞቱ፤ እናኑ አደገች። ወሬው ግን ከእሷ ጋር አብሮ አደገ።

በቁስቋም ደብር አጠገብ ያለው የእቴጌይቱ ግንብ ጣራው ከወደቀ ቆይቷል፤ በመስኮቶቹ ሰማይ ይታያል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነጭ የለበሰ ነገር በውስጡ ሲያልፍ ያዩ ብዙ ነበሩ። አንዳንዱም ብርሃን አየሁ ይላል። ውሃ ቀጂዎች በዚያ ሲያልፉ ያማትባሉ። እናኑ ስትመጣ ደግሞ መንገድ ይለቁላታል፤ ጥላዋ እንዳይነካቸው ነጠላቸውን ይሰበስባሉ።

በላቸው የሚባል የጠዳ ልጅ አንድ ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ነበር። የሽማግሌው በቅሎ ግንቡ ዘንድ ስትደርስ ጆሮዋን ቀስራ ቆመች። ቢመቷት እንቢ አለች፤ በመጨረሻም ሰውዬውን ከነጋቢያቸው ቦይ ውስጥ ጥላ ብቻዋን ወደ ጠዳ ተመለሰች። በዚያው ሰሞን በላቸው ንዳድ ያዘው። ሲሻለው ሌላ አገባ። ከዚያ ወዲህ የእናኑን ደጅ የረገጠ የለም።

«ምነው እትዬ፣ ይህ የሚጠብቀኝ ምን አድርጊ ነው የሚለኝ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ» ትላለች ለተ ማርያም፣ ፊቷን ወደምትፈትለው ጥጥ መልሳ። «ቁስቋም ማርያም ታውቃለች።»

የእናኑ እናት በወሊድ ስለ ሞተች ያሳደገቻት ይህች አክስቷ ናት። ለተ ማርያም የራሷ ልጅ አልነበራትም።

ዋኘው ከእንፍራንዝ የመጣው በአንድ መስከረም ነው። ሥራው ብራና መፋቅ ነው፤ ለደብሩ ጸሐፊዎች የፍየል ቆዳ ያጥባል፣ በእንጨት ላይ ይወጥራል፣ እስኪነጣ ይፍቃል። እናኑ መጀመሪያ ያየችው ቀሃ ወንዝ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ቆዳ ሲያጥብ ነው።

«ወደዚህ አትጠጊ፣ እህቴ» አላት። «ይሸታል።»

«አንተ ነህ ወይስ ቆዳው?»

ቆዳውን አሸተተ፤ ክንዱንም አሸተተ። «ሁለታችንም።»

ሳትወድ ፈገግ አለች። ከዚያ ግን ሰው ከእሷ መሸሽ እንዳለበት ትዝ አላት። «እኔ ማን እንደሆንሁ አልነገሩህም?»

«ነገሩኝ እንጂ። የምሠራው እኮ ግንቡ ውስጥ ነው። ጥላ አለው፤ ነፋሱም ሸጋ ነው።»

«አትፈራም?»

«እፈራለሁ። ስለምፈራ ጠዋት ስገባ ‹እንደምን አደርህ› እለዋለሁ።»

«ምን ይልሃል?»

«ዝም ይላል። ዝም ካለ ፈቀደ ብዬ ሥራዬን እቀጥላለሁ።»

እናኑ እንስራዋን ሞልታ ዳገቱን ስትወጣ ወደ ኋላ አልተመለከተችም። እሱ ግን እያያት እንደሆነ በጀርባዋ ታውቅ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእነ እናኑ ቤት ውሃ ቶሎ ቶሎ ማለቅ ጀመረ።

ጥቅምት ሲጋመስ ዋኘው ወንዙ ዳር ሲጠብቃት ፊቱ ሌላ ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትደንግጪ። ግንቡ ውስጥ ጧፍ አገኘሁ። የቀለጠው ሰም ገና አልደረቀም። ትናንትም ነበር። እኔ አላበራሁም።»

እናኑ እንስራዋን መሬት አስቀመጠች። ልጅ ሳለች ከመጋረጃው ወዲያ የሰማችው ድምፅ መጣባት፤ እሱ ሳይፈቅድ እጁን የዘረጋባት ሰው...

«ከዚያ ውጣ፣ ዋኘው። አገርህ ግባ። የበላቸውን አልሰማህም? ንዳድ ጥሎት ነበር።»

«ንዳድማ እኔንም ጥሎኝ ያውቃል። ያን ጊዜ ደግሞ አንቺን አላውቅሽም ነበር።» ድምፁን ቀነሰ። «ሽማግሌ ልልክ ነው።»

ዝም አለች። እሱም በለመደው መንገድ ተረጎመው።

የዋኘው አጎት አያ ሐብተ ማርያም የእንፍራንዝን ግማሽ ያጋቡ ሽማግሌ ናቸው። ክንዱና ዳኛው የሚባሉ ሁለት ሰዎች ይዘው መጡ። በለተ ማርያም ደጅ ደንቡን ጠብቀው ቆሙ፤ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥምና።

ለተ ማርያም የበሩን መቃን ይዛ አዳመጠቻቸው። «እኔ አልሰጥም፤ አልከለክልምም» አለች። «የሚጠብቃት አለ። እሱን ጠይቁ።»

እንዲህ ስትል ነገሩ የሚያልቅ መስሏት ነበር። አያ ሐብተ ማርያም ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እውነትዎን ነው፣ እሜቴ። ባለቤት ሳይጠየቅ ልጅ አይወሰድም። ቅዳሜ ፀሐይ ሲገባ ግንቡ ደጅ እንቆማለን።»

የአክስቷ ፊት ደም ሲሸሸው እናኑ አየች። የሚመጣውን አውቃ ነው የፈራች፣ ብላ እሷም ፈራች።

ቅዳሜ ሲመሽ ደመናው ከደብሩ በላይ ጠቁሮ ነበር፤ በምዕራብ በኩል ብቻ አንድ ቀይ ስንጥቅ ቀርቷል። ቁራዎቹ እንኳ ድምፃቸውን አጥፍተዋል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ዳገቱን ወጡ። ዋኘውና እናኑ ከወደቀው አጥር ጀርባ ተቀመጡ፤ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይታይም።

«አያ» አለ ክንዱ፣ «እሺ ቢለን ጥሎሹን ማን ይረከበናል?»

«ዝም በል! ደጅ ላይ ነን።»

አያ ሐብተ ማርያም ዘንጋቸውን ተክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቤቶች! እንደምን አመሻችሁ? ከእንፍራንዝ የመጣን ነን። ክፉ ይዘን አልመጣንም። ልጅዎን ለልጃችን...»

ድም!

ከግንቡ ሆድ እንደ ከበሮ ያለ ድምፅ ወጣ። ነፋሱ ተነሣ፤ ድም፣ ድም አለ። በላይኛው መስኮት ውስጥ አንድ ነጭ፣ ሰፊ፣ ዓይን የሌለው ፊት ቀስ ብሎ እንደ ፍም በራ።

ዳኛው «በስመ አብ!» ብሎ ሳይጨርስ ቁልቁል ነበር። ክንዱ ጋቢውን ቁጥቋጦ ይዞበት ለቁጥቋጦው ተወለትና ተከተለ። አያ ሐብተ ማርያም ብቻ ቀሩ። ዘንጋቸው ይንቀጠቀጣል፤ እግራቸው ግን አልተነቀለም።

«መልስ ነው ወይስ ቁጣ?» ብለው ጮኹ። «ለይተው ይንገሩን!»

ዋኘው ራሱን ይዞ ብድግ አለ። «አያ! አያ፣ የኔ ቆዳ ነው! ሳላወርደው ረስቼው ነው!»

እውነትም እንጨት ላይ ተወጥሮ መስኮቱ ላይ የቀረ የፍየል ቆዳ ነበር። ነፋሱ ይመታዋል፤ የምዕራቡ ብርሃንም ከኋላው ያበራዋል። እናኑ ሳቀች። በዚያ ቦታ ስቃ አታውቅም ነበር፤ ሳቋ ድንጋዩን መትቶ ወደ እሷ ተመለሰ።

ከዚያ ሳቋ ተቆረጠ። ከታች፣ በበሩ ጨለማ ውስጥ፣ ትንሽ እሳት ትንቀሳቀስ ነበር። ከእሳቷ በላይ ነጭ ልብስ።

«እሱስ?» አሉ አያ ሐብተ ማርያም በቀስታ። «እሱም ቆዳህ ነው?»

«አይደለም» አለ ዋኘው።

እሳቷ ቆመች። እናኑ ወደፊት ስትራመድ ዋኘው እጇን ያዛት፤ መጀመሪያ የነካት ያን ጊዜ ነው። አልለቀቃትም። እሷም እሱን እየጎተተች ሄደች።

«አንተ የምትጠብቀኝ» አለች። «ከሕፃንነቴ ጀምረህ ጠብቀኸኛል። እግዜር ይስጥህ። ክፉ ሰው አልነካኝም። ደግ ሰውም አልነካኝም። ይህን ሰው እወደዋለሁ። ንዳድ ካዘዝህ ለእኔ እዘዝ። እሱን ግን ተው።»

ከጨለማው አንድ የጎረነነ ድምፅ «አል...» ብሎ ጀመረ። ጀመረና ሳል ያዘው። ደረቅ ሳል።

እናኑ ያቺን ሳል ታውቃት ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ ጀምራ ታውቃት ነበር።

«እትዬ?»

ለተ ማርያም ጧፏን ይዛ ከበሩ ወጣች። «‹አልሰጥም› ልላቸው ነበር የገባሁ» አለች። «ላስፈራራቸው። አንቺ ስታመሰግኚኝ ጊዜ ሳሌ ቀደመኝ።»

«የሚጠብቀኝስ?»

«እኔ ነበርሁ። ሌላ ማንም የለ። ያን ጊዜ የባንዳው አለቃ ለልጁ ሲጠይቅሽ እንቢ ብንል ቤቱን ያቃጥለው ነበር። መሪጌታ ‹የሚጠብቃት አለ እንበላቸው፤ ይፈሩ› አሉኝ። የላካቸው ሽማግሌዎች ‹ማዪልን› ሲሉኝ በቁስቋም ማርያም ማልሁላቸው። በሐሰት። ቅጥሯ ውስጥ ገብቼ መቆም አፈርሁ፤ ስለዚህ እዚህ እየመጣሁ በጓሮ በኩል እለምናታለሁ።»

«የበላቸው በቅሎስ?»

«ጧፌን አይታ ነዋ።»

እናኑ አልሳቀችም። «በላቸው ሲመጣ ጣሊያን ወጥቶ ነበር፣ እትዬ። ያን ጊዜ ማንን ፈርተሽ ነው?»

ለተ ማርያም ጧፏን አየች። «ያን ጊዜማ ለእኔ ነበር። ቤቱ ባዶ እንዳይሆንብኝ።»

ነፋሱ ቆዳውን አንድ ጊዜ መታው። የደነገጠ አልነበረም።

«ሰው መንገድ ይለቅልኝ ነበር» አለች እናኑ። «ነጠላቸውን ይሰበስቡ ነበር። እያየሽ።»

አክስቷ አንገቷን ደፋች። አያ ሐብተ ማርያምን አሳዘነቻቸው፤ ጉልበታቸው ግን ከሐዘኑ ባሰ።

«እሜቴ፣ ይቅርታ። እኔ እስካሁን አልተቀመጥሁም።»

«ሰጥቻለሁ፣ አባቴ። ይቀመጡ።»

ወደ አንድ ድንጋይ ዝቅ ማለት ሲጀምሩ እናኑ እጇን ዘረጋች። «አይቀመጡ፣ አያ። እኔ አልጨረስሁም።»

ሽማግሌው በግማሽ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ።

«ነገ እሑድ ነው» አለች አክስቷን። «ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመሽ ይህን ትናገሪያለሽ። ተደብቄ አልዳርም።»

ሰሙ በለተ ማርያም ጣት ላይ ይፈስስ ነበር።

«ዝም አትበይኝ። ዋኘው ዝምታ ከድንጋይ ይቀበላል። እኔ ከአንቺ አልቀበልም።»

«ይሰድቡኛል፣ ልጄ።»

«ይሰድቡሻል።»

«አንቺስ የት ትሆኛለሽ?»

እናኑ የዋኘውን እጅ ለቀቀች፤ ሄዳ ከአክስቷ ጎን ቆመች፤ ጧፏን ከእጇ ተቀበለቻት።

«እዚህ።»

ለተ ማርያም ወደ ደብሩ ዞራ ለረጅም ጊዜ ያልረገጠችውን ደጅ አየችው። አማተበች።

«እንግዲያው እሺ» አለች። «ነገ እናገራለሁ።»

ያን ጊዜ አያ ሐብተ ማርያም ተቀመጡ።