እናኑና አራተኛው ካስማ

ስሙማ። ነገሩ ተራራ ላይ ነው፤ ብርድ ካለበት፣ ዋልያ ከሚዘልበት።

አበጀ የሚባል ሰው ነበረ። ሥራው ዋልያ መጠበቅ ነው። እናኑ የምትባል ልጅ አለችው።

ዛሬ እናኑን ይዟት ወጣ፤ እዚያው ሊያድሩ ነው። እናኑ ደስ አላት። ዛሬ አባቷ የእሷ ብቻ ነው።

ግን ጀርባው ላይ አንዲት ነገር አዝሏል። አዲስ ድንኳን ናት፤ ቢጫ፣ ቀላል፣ ተጠቅልላ ዳቦ የምታክል።

«እኔ በእግሬ፣ እሷ በጀርባ» አለች እናኑ በሆዷ።

አለቱ ጥግ ሲደርሱ አባቷ ድንኳኗን ቀስ አድርጎ ዘረጋት። በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አደረጋት።

«ለነፋሱ ጀርባሽን ስጪ፣ የኔ ቆንጆ» አላት ድንኳኗን።

የኔ ቆንጆ? የኔ ቆንጆ እኮ እናኑ ነበረች።

አባቷ ድንጋይ አነሳ። ካስማውን መታ። ኳ! ኳ! አንድ። ኳ! ኳ! ሁለት።

«አባዬ፣ ጫማዬ ተፈታ።»

«ቆይ፣ እሷን ልሰርና።»

ኳ! ኳ! ሦስት።

«አባዬ፣ በረደኝ።»

«ቆይ፣ እሷን ልሰርና።»

ኳ! ኳ! አራት።

እሷን፣ እሷን፣ እሷን። እናኑ ፊቷን አዞረች።

ቅናት ነው። ቅናት እንደ ጉንዳን ነው፤ አንዴ ሆድ ከገባ ይሄዳል፣ ይሄዳል።

አባቷ ውኃ ሊቀዳ ወረደ። እናኑና ድንኳኗ ተፋጠጡ።

«አንቺ ቢጫ» አለቻት። «ቤት ነኝ ትያለሽ? ቤት ግድግዳ አለው። አንቺ ጨርቅ ነሽ።»

ድንኳኗ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ አለች።

እናኑ አራተኛውን ካስማ ያዘች። ነቅነቅ አደረገችው። ነቀለችው። ኪሷ ከተተችው።

አባቷ ሲመለስ ሰማዩ ጠቁሯል። «ግቢ፣ ግቢ» አላት። ሁለቱም ገቡ።

ነፋሱ መጣ። ሹዉዉዉ! በረዶው መጣ። ጣ! ጣ! ጣ!

ድንኳኗ ምን አደረገች? ጎንበስ አለች፤ ቀና አለች። ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ፣ ቀና።

ዘንጎቿ ቀጫጭን ናቸው። ይለመጣሉ እንጂ አይሰበሩም።

ግን አንዱ ጥግ ብድግ አለ። ነፋሱ ከሥር ገባ። ድንኳኗ ልትበር ነው።

አበጀ ዘሎ ወጣ። ያንን ጥግ በሁለት እጁ መሬት ላይ ያዘው።

«አባዬ፣ ግባ።»

«ከለቀቅኋት ትሄዳለች።»

«ትሂድ።»

«እሷ ከሄደች በረዶው የሚያገኘው አንቺን ነው።»

እናኑ አጮልቃ አየች። በረዶው የአባቷን እጅ ይመታል። ጣ! ጣ! ጣ! እጁ ቀልቷል።

ኪሷ ውስጥ ያለው ካስማ ከበዳት።

እናኑ ወጣች። በረዶው እሷንም መታት። ካስማውን ይዛ እጇን ዘረጋችለት።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት» አለች።

አባቷ ካስማውን አየ። እሷን አየ። «ድንጋይ አቀብይኝ» አለ።

ኳ! ኳ! አራት።

«አሁን ድንጋዩን ላዩ ላይ ጫኚበት።» እናኑ ጫነችበት።

ነፋሱ ተቆጣ። ሹዉዉዉ! ድንኳኗ ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ፣ ቀና። አልሄደችም።

ውስጥ ገብተው አባቷ የእናኑን ፀጉር አደራረቀላት። የተፈታውን ጫማዋን አወለቀላት።

«አባዬ፣ ከእኔና ከእሷ ማንን ትወዳለህ?»

አበጀ ሳቁ መጣ። «ከድንኳን ጋር ነው የተጣላሽው?»

«የኔ ቆንጆ ብለሃታል።»

«ላባብላት ነዋ። ቀላል ናት፤ ካላሰሯት ትሄዳለች። እንዲያ አድርጌ ያሰርኳት ውስጧ ማን እንዲተኛ ነው?»

እናኑ አሰበች። «እኔ» አለች።

ያን ጊዜ ጉንዳኑ ከሆዷ ወጥቶ ሄደ።

አባቷ ጋቢውን አለበሳት። አንዱን ጫፍ እግሯ ሥር ወተፈ። «አንድ።» በወዲያኛው እግሯ። «ሁለት።» በትከሻዋ። «ሦስት።»

የመጨረሻውን ጫፍ ይዞ ቆየ። «ኪስሽ ውስጥ ሌላ ካስማ የለም አይደል?»

«የለም» አለች እናኑ እየሳቀች።

«አራት» አለ አባቷ። «የኔ ቆንጆ።»

እናኑ የድንኳኗን ግድግዳ በጣቷ ነካ አደረገች። «ደህና እደሪ፣ አንቺ ቢጫ።»

ውጭ ነፋስ ነው። ድንኳኗ ጎንበስ፣ ቀና። ውስጥ እናኑ ተኝታለች። ጋቢዋ ከትንፋሿ ጋር ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ።