ብረቱ ጎኑን ሲያዞር

«ግፉ! ኧረ ግፉ፣ ቁርስ አልበላችሁም እንዴ?»

አለቃ ወንበር ላይ ቆማ ትጮኻለች። ስሟ ሌላ ነው፤ የክፍል አለቃ ከሆነች ወዲህ ግን ከመምህራኑ በቀር በስሟ የሚጠራት የለም። ጠረጴዛው ሁሉ ወደ ግድግዳው ተገፍቶ በተለቀቀው ወለል ላይ ልጆቹ በረድፍ በረድፍ ቆመዋል። መሃል ያሉት ብረት ናቸው፤ በመሬት እምብርት ያለው ብረት። ዙሪያውን ከበው የሚገፉት ደግሞ ከላዩ የተጫነው ምድር ነው።

ሐሳቡ የእሷ ነው። ነገ ወላጆች ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ ስለሚመጡ ከየክፍሉ አንድ ትርኢት ይቀርባል። ብረቱ የፀሐይን ገጽ ያህል ግሏልና መሃል ያሉት ልጆች ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣሉ። እንደዚያ የጋለ ብረት ቀልጦ መፍሰስ ነበረበት። ጫናው ግን መፈናፈኛ ስለማይሰጠው፣ እየተንቀጠቀጠም ጠጣር ሆኖ ይቀራል። አለቃ ይህን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ የተማረች ዕለት ጆሮዋን ማመን አቅቷት ነበር።

ግፊያው በረታ። ድንገት ከመሃለኛው ረድፍ ረጅሟ ቀጭን ልጅ፣ ሽቦ የሚሏት፣ ወደ ጎን ዞረች። አጠገቧ ያለው ዞረ። ከኋላው ያለችውም ተከተለች። ቀድሞ የተመካከረ ይመስል ረድፉ በሙሉ በጎኑ ቆመ፤ የአለቃ ያማረ አሰላለፍም ብትንትኑ ወጣ።

«አንቺ ነሽ አይደል የጀመርሽው? ፊት ለፊት ብያችሁ አልነበር?»

«እኔ እኮ...»

«እኔ እኮ ብሎ ነገር የለም! ነገ በወላጆቻችን ፊት ልታዋርጂን ነው? በቃ ውጪልኝ፤ ያላንቺ እንሠራዋለን።»

ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ጓደኛሞች ናቸው። ሽቦ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። አለቃ ልትጠራት ቃጥቷት ነበር፤ ግን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ከሚሉት ወገን ናትና ቃሏን አላጠፈችም።

ብዙም ሳይቆይ የሳይንስ መምህሩ እያለከለኩ ገቡ። ከግቢው በመስኮት አይተዋቸው ኖሯል።

«ይቅርታ ቲቸር፣ አሁን እናስተካክለዋለን» አለች አለቃ።

«ምኑን ነው የምታስተካክሉት? ሲዞሩ አይቼ እኮ ነው የሮጥኩት! ተመራማሪዎች ብረትን ለቅጽበት በኃይለኛ ጨረር መትተው፣ የእምብርቱን የመሰለ ሙቀትና ጫና ውስጥ ከተቱት። ምን ሲሆን አዩ መሰለሽ? የአተሞቹ አደራደር ዘጠና ዲግሪ ገደማ ወደ ጎን ዞረ። እንደዚያ ስለሚዞር ነው ጫናውን የሚችለው።»

«እምቢ ሳይል?»

«እምቢም ሳይል፣ ሳይሸሽም። ያነበብኩ ቀን እኮ እንደ ሕፃን ነው ያደረገኝ። እግራችን ሥር ነው ይሄ ሁሉ!»

አለቃ ወለሉን አየች። ሲሚንቶው ያው የተሰነጠቀው ሲሚንቶ ነው። ግን ከሱ በታች፣ ማንም ቆፍሮ በማይደርስበት ጥልቀት፣ ብረት እየጋለና እየተጨነቀ መላ ያበጃል። በጣም ደስ አላት። ሽቦ ትዝ ስትላት ግን ዞራ በሩን አየች።

መምህሩ ሲሄዱ ወንበሯ ላይ ወጣች። «ሦስት ስል ሁላችሁም ትዞራላችሁ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ዞረ። ክርንና አፍንጫ ተገናኘ። ደገሙት፤ ጭራሽ ባሰ።

«ቅድም እንዴት ቻላችሁበት ታዲያ?»

የክፍሉ አጭር ልጅ፣ ሚጢጢ፣ በሰው ብብት ሥር ብቅ አለ። «ቅድም ማን ዙሩ አለን? እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር። አንቺ ግፉ ትያለሽ እንጂ ታች ያለነውን መች ታዪናለሽ? ሽቦ ናት ያየችኝ። ቦታ ልትለቅልኝ ስትዞር ሌላውም መቆሚያ አጣና ዞረ። በቃ፣ ተያያዘ።»

«ለምን ያኔውኑ አልተናገርክም?»

«አፍ ታስከፍቻለሽ እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አለቃ አልሳቀችም።

ከትምህርት በኋላ በቀጥታ የሽቦ እናት ልብስ ስፌት ቤት ሄደች። ሽቦ ከጨርቁ ክምር አጠገብ ተቀምጣ ከአንድ ቀሚስ ጠርዝ ክር ትለቅማለች።

«ነይ ግቢ የኔ ልጅ» አሉ እናትየዋ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው። «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው? ከመጣች ጀምሮ ለንቦጯን ጥላለች።»

«እኔ ነኝ ያስቀየምኳት» አለች አለቃ። ወደ ጓደኛዋም ዞረች። «ሚጢጢ ነገረኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«በክፍሉ ሁሉ ፊት አባረሽኝ፣ እናቴ ቤት ተደብቀሽ ይቅርታ?»

አለቃ መምህሩ ስለ ብረቱ ያሉትን ነገረቻት። የሽቦ እጅ ክሩ ላይ ቆመ።

«ወደ ጎን? ልክ እንደኛ?»

«ልክ እንደኛ።»

«ጉድ እኮ ነው!» አለች ሽቦ፤ ዓይኗ በራ። ወዲያው ግን ወደ ቀሚሱ አቀረቀረች። «ነገ እቀላቀላለሁ ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም።»

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። የክፍሉ ልጆች መድረክ ላይ ተሰለፉ፤ አለቃም ማይክ ያዘች። ሽቦ መጥታለች፤ ግን በሩ አጠገብ ከእናቷ ጎን ቆማለች። አለቃ ሌሊቱን የሸመደደችው መግቢያ ጥርሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ትርኢቱ የእኔ ሐሳብ ነው» አለች። «ዋናው ነገሩ ግን የእኔ አይደለም። ትናንት አንዲት ጓደኛችን ከጎኗ ያለው ልጅ ሲጨነቅ አይታ ዞረችለት። ብረቱም የመሬት እምብርት ውስጥ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እኔ ግን አበላሸሽ ብዬ በሁሉም ፊት አባረርኳት። ተሳስቻለሁ። እሷ ከሌለች የምናሳያችሁ ግማሹን ብቻ ነው።»

አለቃ ማይኩን ለመምህሩ ሰጥታ ወደ ሰልፉ ገባች። ከሚጢጢ ቀጥሎ ቆመች፤ በሁለቱ መካከልም የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ትታ ወደ በሩ እያየች ጠበቀች።