ድምፆችና አፎች

የሙዚቃ መምህርቷ ሥራ የጀመረችው ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ አንድ አሮጌ ኪቦርድና የአምስተኛ ክፍል ልጆችን ተረክባ ነው። ርእሰ መምህሩ ገና ከጅምሩ አስጠንቅቀዋታል፤ በዓመቱ መጨረሻ፣ በወላጆች ቀን፣ የሚታይ ነገር ካልቀረበ የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ጭንቀቷ ሁሉ ስለዚያች ቀን ሆነ።

ልጆቹ መዝሙር ይወዳሉ። ሲዘምሩ ግን ጣሪያ ይነቅላሉ፤ አንዱ ወደ ላይ ሲጎትት ሌላው ወደ ታች። ከሁሉም የባሰባት አንዲት ድምፀ ወፍራም ልጅ ነበረች፤ ጓደኞቿ «ጎርናናዋ» ይሏታል። መምህርቷ አንድ ቀን ጠጋ ብላ የልጅቷን ፀጉር እየዳበሰች፣ «የኔ ቆንጆ፣ አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ። ማንም አያውቅብሽም» አለቻት። በክፋት አልነበረም። ልጅቷም እሺ አለች፤ ያን ቀን ግን እንደ ወትሮዋ እየሳቀች አልወጣችም።

መዝሙሩ ወዲያው አማረ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና በሳምንቱ ሌሎች ሁለት ልጆች አፍ ብቻ ሆኑ፣ ከዚያ የኋላው ረድፍ በሙሉ፣ ከዚያም የመሐሉ። ልጆቹም «ድምፆች» እና «አፎች» መባባል ጀመሩ። ዓመቱ ሲጋመስ ድምፅ ሆኖ የቀረው የፊቱ ረድፍ ብቻ ነበር።

ነገሩን ያስተዋሉት አዛውንቱ የሒሳብ መምህር ናቸው። ጎርናናዋ በእሳቸው ክፍል እንኳ እጇን ማውጣት እንደተወች ነገሯት። «ልጄ፣ መደመር ያቃተውን ተማሪ እርሳስህን ብቻ አንቀሳቅስ ብለው መቼ ይማራል?» አሏት።

«የእርስዎ ተማሪ ሲሳሳት ስህተቱ ደብተሩ ላይ ይቀራል። የኔ ሲሳሳት አገር ይሰማል» ብላ መለሰች።

የወላጆች ቀን ሲቃረብ ጉንፋን ገባና የፊቱን ረድፍ እንዳለ አልጋ ላይ አዋለው። መምህርቷ ብትደነግጥም ተስፋ አልቆረጠችም። የቀሩት ግጥሙን እንደ ውሃ ይጠጡታል፤ ዓመቱን ሙሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ስላየቻቸው ድምፅ አውጡ ሳትላቸውም የሚዘምሩ መስሏታል።

አዳራሹ ጢም አለ። እጇን አነሳች። ልጆቹ አፋቸውን እኩል ከፈቱ፣ እኩል ገጠሙ፤ ድምፅ ግን የለም። ወላጆች ማይክሮፎኑ የተበላሸ መሰላቸው፤ አንድ አባት ተነሥቶ ሽቦውን ነካካ። መምህርቷ ላብ በላብ ሆና፣ «ዘምሩ እንጂ» ስትል አንሾካሾከች።

«ቲቸር፣ እኛ እኮ አፎች ነን» አለቻት ጎርናናዋ፤ የተማረችውን በትክክል እንደያዘች ጎበዝ ተማሪ።

መምህርቷ ክው አለች። ሰው ሁሉ እያያት አፈረች፤ ያሳፈራት ግን ወላጆቹ አልነበሩም። ኪቦርዱን ትታ ልጆቹ ፊት በርከክ አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አፍ የሚባል የለም። እንደ መጣላችሁ ዘምሩ።»

ልጆቹ ተያዩ። ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው። በመጨረሻ ያ ወፍራም ድምፅ ብቻውን ወጣ፤ ተንቀጠቀጠ፣ ተሳሳተ፣ ግን አላቋረጠም። ሌሎቹም አንድ ባንድ ተከተሉት። ዜማው ተቃና ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ጆሮውን የያዘም ወላጅ ነበር።

ርእሰ መምህሩ ከመድረኩ ጀርባ ጠበቋት። «ዓመቱን ሙሉ ያስተማርሻቸው ይሄንን ነው?»

«አይደለም» አለች። «ዓመቱን ሙሉ ያስተማርኳቸው ዝም ማለትን ነው። ይሄንን ዛሬ ገና ጀመሩ። ክፍለ ጊዜውን ከወሰዱት ግን ዝምታውን ይዘው ያድጋሉ።»

ርእሰ መምህሩ አጠገባቸው ወደ ቆሙት የሒሳብ መምህር ዞር ቢሉ፣ አዛውንቱ የኔ ሰዓት ይበቃኛል ብለው እጃቸውን አወዛወዙ። ሙዚቃው በዚሁ ተረፈ።

ወላጆችም መምህራንም ልብ እንበል። ልጅ የሚማረው እየተሳሳተ፣ ስህተቱም እየተሰማ ነው። ለእንግዳ እንዲያምርልን ብለን ዝም ያሰኘነው ልጅ፣ እንዲናገር በፈለግንበት ቀን ድምፁን ከየት ያመጣዋል?