ግማሽ ውኃ

የሾፌሩን የሲራጅን ሬሳ ከውኃ ቦቴው ጋቢና ያወጡት ብረቱን ቆርጠው ነው። ከቆቦ ለተፈናቀሉ ሰዎች ከጫነው ውኃ ግማሹን መርሳ አውርዶ ቀሪውን ወደ ውርጌሳ ሲወስድ፣ ኩርባው ላይ ወደ ገደል ተገለበጠ። ጊዜው መስከረም 2015 ነው፤ ጦርነቱ ደጅ ስለ ነበር «አሻጥር ነው!» የሚለው ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። ፍሬኑን የጠገነው መካኒክ ሙሐመድዘይን በዕለቱ ታሰረ።

ኢንስፔክተር ሙሉወርቅ ግን ወሬ አይበቃትም። የፍሬኑ ቱቦ አልተቆረጠም፤ ዘይቱም አልጎደለም። የጎማው ጥቁር መስመር ከኩርባው ሠላሳ እርምጃ ቀድሞ ይጀምርና እስከ ገደሉ አፋፍ ይዘልቃል።

ወደ ሟቹ ሚስት ወደ አሚና ሄደች።

«ስለ መኪናው የነገረሽ ነገር ነበር?»

«‹ሙሉ ሲሆን ይታዘዘኛል፤ ግማሹን ካወረድኩ ግን ሰው ከኋላ የሚገፋኝ ይመስለኛል› ይል ነበር። ቦቴውን ለሠሩትም ነግሯቸዋል። ‹ቀስ እያልክ ንዳ› አሉት።»

ሙሉወርቅ ባትሪ ይዛ በቦቴው አፍ ገባች። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ወና ነው። ቦቴው ወደ ተሠራበት ጋራዥ ሄደች፤ ግቢው ውስጥ ለምግብ ዘይት የተሠራ ሌላ ቦቴ ቆሟል። የሱንም ሆድ አየች።

በማግስቱ የጋራዡን ባለቤት አቶ ሀይሉን፣ ንድፉን ያወጣውን መሐንዲስ ፍፁምን፣ አሚናንና ከእስር ያስመጣችውን ሙሐመድዘይንን እዚያው ሰበሰበች።

«ሲራጅ ፍሬን ይዟል፤ ፍሬኑም ጎማውን ይዟል። መስመሩ ምስክር ነው። አልቆም ያለው ውኃው ነው። ቦቴ ሲጎድል፣ መኪናው ሊቆም ሲል ውኃው ወደ ፊት ተወርውሮ ይገፋዋል። ሆዱ ውስጥ ከፋፋይ ላሜራ የሚበየደው ለዚህ ነው። የሲራጅ ቦቴ ግን አንድም የለውም።»

«እንደሚያስፈልግ አላወቅሁም» አለ ፍፁም።

«የዘይቱ ቦቴ ውስጥ ሦስት አስበይደሃል። ሁለቱንም ቦቴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የነደፍካቸው።»

አቶ ሀይሉ ጣልቃ ገቡ።

«የውኃ ቦቴዎቹ ጨረታ ትንሽ ዋጋ ላቀረበ ነበር። ላሜራውን ቀንሰን አሸነፍን። ዘይት እኮ ቢደፋ ኪሳራ ነው፤ ውኃ...»

«ውኃ ምን?»

«ውኃ ቢደፋ ያው ውኃ ነው።»

ሙሉወርቅ በዚህ ጦርነት ስንት ሬሳ አንስታለች፤ እንዲህ ያለ ቃል ግን ሰምታ አታውቅም።

«ሲራጅስ?» አለች አሚና። «ሲራጅም ያው ውኃ ነው?»

ሙሉወርቅ ወደ ፍፁም ዞረች።

«እንዲህ ያለ ስንት ሠራችሁ?» አለች ሙሉወርቅ።

«አምስት» አለ ፍፁም።

«አራቱስ?»

ሰዓቱን አየ። «መንገድ ላይ ናቸው። ይኼኔ ግማሹን አውርደዋል።»

ሙሉወርቅ ስልኳን መንጭቃ አወጣች።